መልስ፦ ለቤት ውስጥ ቢራ ጠመቃ ፓምፕ ስለ መጨመር

ጤና ይስጥልኝ። 40 ሊትር ትኩስ የብቅል ጭማቂ ከድስት ወደ ድስት በእጅ ከማዛወር ፓምፕ መግዛት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔን ከድካሙ ይልቅ የቃጠሎው አደጋ ስለሚያሳስበኝ፣ ይግዙ እላለሁ። በማግኔት የሚዞር፣ ጭንቅላቱ (ፈሳሹ የሚያልፍበት ክፍል) ከማይዝግ ብረት የተሠራና 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል ይምረጡ። ይህ ዓይነቱ ፓምፕ ውስጡ አየር ካለ ፈሳሽ መሳብ ስለማይችል ከድስቱ በታች ያስቀምጡትና ጭማቂው በራሱ ክብደት ወርዶ ከሞላው፣ በጎማው ውስጥ የሚታየው አረፋም ከጠፋ በኋላ ብቻ ያስነሡት። ፍሰቱን የሚቆጣጠሩበት ቫልቭ በመውጫው በኩል መሆን አለበት፤ መግቢያውን ካጠበቡት ትኩሱ ፈሳሽ እዚያው ውስጥ ስለሚተን ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል፣ ፍሰቱም ይቋረጣል። ጎማው ለምግብ የሚሆን ሲሊኮን ይሁን። እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግን ቢራውን በፓምፕ አያዛውሩ፤ አብሮ የሚገባው ኦክስጅን ጣዕሙን ያበላሸዋል።