ከኮምቦልቻ ወደ ሞተር ክፍል፦ ስለ መጀመሪያው ረጅም የባህር ጉዞ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። የመርከብ ሞተር መኮንን ለመሆን መሠልጠን እፈልጋለሁ፤ ግን ባህር አይቼ አላውቅም። ወራት የሚፈጀውን የመጀመሪያ ጉዞ እችለዋለሁ? እናቴ ነገሩ አልተዋጠላትም።

መልስ፦ ማዕበሉን ትለምደዋለህ። የባህር ህመም አብዛኛውን ጀማሪ የሚያንገላታው ሁለት ሦስት ቀን ነው። መድኃኒቱን ማቅለሽለሹ ሳይጀምር፣ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ውሰድ፤ ካስመለሰህ በኋላ ሆድህ አይቀበለውም። እንቅልፍ ስለሚያመጣ መውሰድህን ለአለቃህ ንገር። ባዶ ሆድ ያባብሰዋል፤ ደረቅ ብስኩት፣ ዝንጅብል፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ። ዕረፍት ስታገኝ ወደ ላይ ወጥተህ አድማሱን ተመልከት።

ጀማሪን የሚሰብረው የእንቅልፍ መቆራረጥ ነው። የሞተር ክፍል ፈረቃ በብዙ መርከቦች 4 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት ሆኖ በቀን ሁለቴ ይመላለሳል። መርከቡ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ሰዓት ይቀየራል፤ ወደብ ሲደርስ ደግሞ ነዳጅ መሙላት፣ ፍተሻና ጥገና ይደራረባሉ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባህር ሠራተኞች ስምምነት ዝቅተኛ የዕረፍት መለኪያ በ24 ሰዓት 10፣ በ7 ቀን 77 ሰዓት ነው። የቀኑ ዕረፍት ከሁለት በላይ አይከፋፈልም፤ አንዱም ቢያንስ 6 ሰዓት መሆን አለበት። ስለዚህ በዕረፍት መዝገቡ ላይ ያላረፍከውን አትፈርም። ሙቀቱም አለ፤ በሐሩር ባህር የሞተር ክፍሉ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ለደሴ ልጅ ይቅርና ለባቲ ልጅም ይከብዳል።

ካዴት (ሠልጣኝ መኮንን) ሆነህ የምትሠራው ዘይት መጥረግ፣ ፊልተር ማጠብ፣ በታንክ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ከፍታ መለካት፣ ሙቀትና ግፊት መመዝገብ ነው። «ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማርኩት?» የሚል ቅሬታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቅሬታውን ተወውና ቧንቧዎቹን ተከተል፤ የነዳጁን፣ የቅባት ዘይቱን፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ መስመር ከታንክ እስከ ሞተር በእግርህ ተከትለህ በእጅህ ሣለው። ከባዱ ነዳጅ ወደ ማጣሪያው ሲገባ 98 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ የትኛው ቫልቭ ምን እንደሚዘጋ ሳታውቅ መፍታት ያቃጥላል።

ትልቁ ስህተት ግን የሥልጠና መዝገቡን ለመጨረሻው ወር ማቆየት ነው። ሥራህን ያየው መሐንዲስ ኮንትራቱን ጨርሶ ይወርዳል፤ ተተኪው ያላየውን አይፈርምልህም። ያለ ፊርማ ወራትህ ለመኮንንነት ምስክር ወረቀት አይቆጠሩም። በየሳምንቱ አስፈርም።

ምግቡ እንደ መርከቡ ሠራተኞች ድብልቅ ነው። ጾመኛ ከሆንክ፣ የአሳማ ሥጋም የማትበላ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ለወጥ ቤቱ ንገር፤ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክሉልሃል። ድርቆሽና በርበሬ ያዝ። ጫት ግን በፍጹም፤ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው፣ ወደብ ላይ ከተያዘብህ ሙያው በዚያው ያበቃል።

ታዲያ ምን ታገኛለህ? የካዴት አበል ትንሽ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው መኮንን ስትሆን፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ምስክር ወረቀቱ በሌሎች አገሮች መርከቦችም ያሠራል። ከኮንትራት በኋላ ወራት ቤትህ ታርፋለህ። ባህሩ ቢሰለችህም ጄኔሬተር፣ ቦይለርና ፓምፕ የሚያውቅ እጅ ኮምቦልቻ ባሉት ፋብሪካዎችም ይፈለጋል።

አሁን ሦስት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ዓይንህንና ጆሮህን ተመርመር፤ ቀለም መለየት አለመቻል ሊያስቀርህ ስለሚችል ገንዘብና ጊዜ ሳታወጣ እወቀው። ቀጥሎ ዋና ልመድ፤ ሐይቅ ቅርብህ ነው፣ ብቻህን ግን አትግባ። ከዚያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚን ማስታወቂያ ተከታተል፤ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን ያሠለጥናል። «መርከብ ላይ አስገባሃለሁ» ለሚል ደላላ ሳንቲም አትስጥ፤ ከላይ ባነሳሁት የባህር ሠራተኞች ስምምነት መሠረት የቅጥር ክፍያ ከመርከበኛው አይጠየቅም። ከኪስህ የሚወጣው ለፓስፖርት፣ ለመርከበኛ ደብተርና ለጤና ምርመራ ነው።

ለእናትህ ደግሞ ኮንትራቱን ራሱን አንብብላት፦ ስንት ወር እንደሆነ፣ ሲያልቅ የመመለሻ ትኬቱን የመርከቡ ባለቤት እንደሚከፍል፣ ከደመወዝህ የተወሰነው በቀጥታ ለእሷ ሊላክ እንደሚችል። መርከብ ላይ ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ ሳምንት ብትጠፋ እንዳትደነግጥም አስቀድመህ ንገራት።