ወረፋውን ከመቁጠራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች ገና ሳይቀመጡ «የትኛውን የሒሳብ ሞዴል ልጠቀም?» ይሉኛል። ጥያቄው ደግ ነው። ግን ቀድሞ መጣ። ለምን እንዲህ እንደምል በራሴ ከደረሰው ልጀምር።

ወጣት ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል የተመላላሽ ታካሚዎችን ወረፋ እንዳጠና ታዘዝኩ። ሰው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ካርድ ክፍል በር ላይ ይሰለፋል። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። በየሰዓቱ ስንት ሰው ይመጣል? አንዱን ለማስተናገድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሁሉንም መዘገብኩ። ስሌቱ ሁለት መስኮት ይጨመር አለ። ተጨመረ። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ በሳምንቱ ጠፋ። የዚያን ቀን ደስታዬ ልዩ ነበር።

ታካሚዎቹ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ሰዓት ግን ያው ነው። ሰልፉ ሄዶ ላብራቶሪ በር ላይ ቆሟል። እዚያ ደግሞ መቀመጫ የለም። ነፍሰ ጡሮችና አዛውንቶች ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ አየሁ። በጣም አዘንኩ።

ራስል ኤኮፍን ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ኤኮፍ አሜሪካዊ ነው፤ በ1919 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ተወለደ። መጀመሪያ የተማረው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ቀጥሎ በሳይንስ ፍልስፍና ዶክትሬቱን ያዘ። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ከቤቱ ተነስቶ ወደ ክፍሎቹ ነው የሚሄደው። ኤኮፍ ሙሉ ዕድሜውን እንዲያ ነው ያሰበው።

ምሳሌው መኪና ነው። ከየፋብሪካው ምርጡን ሞተር፣ ምርጡን ማርሽ፣ ምርጡን ፍሬን ሰብስባችሁ ብትገጥሙ ምርጥ መኪና አታገኙም። ጨርሶ መኪና አይሆንም፤ ክፍሎቹ አይገጣጠሙም። የአንድ ነገር ጠባይ የሚወጣው ክፍሎቹ እርስ በርስ ከሚያደርጉት ግንኙነት ነው። እኔ ካርድ ክፍሉን ምርጥ አደረግሁት። ሆስፒታሉ ግን በዚያ አልተሻለም።

ኤኮፍ ኦፕሬሽንስ ሪሰርችን፣ ማለትም የድርጅቶችን አሠራር በሒሳብ የሚያጠናውን ሙያ፣ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው። በ1957 ከቸርችማንና ከአርኖፍ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ከሙያው የመጀመሪያ መማሪያዎች ውስጥ ይቆጠራል። የሙያ ማኅበሩም ፕሬዚዳንት ነበር። ይህ ሰው በ1979 ብዕሩን አንስቶ የሙያው የወደፊት ዘመን አልፏል ብሎ ጻፈ። ቅሬታው ግልጽ ነበር። ተማሪዎች የሒሳብ ዘዴውን አሳምረው ይይዛሉ፤ መቼ እንደማይሠራ ግን አያውቁም። ሥራ አስኪያጅን ደግሞ የሚገጥመው አንድ ተለይቶ የቆመ ችግር አይደለም። የተጠላለፈ፣ እየተለዋወጠ የሚሄድ ውጥንቅጥ ነው። አንዱን ክር ስትመዝ ሌላው ይወጠራል። የተሳሳተውን ነገር አሳምሮ መሥራት ስህተቱን ያገዝፈዋል ብሎም ያስተምር ነበር።

በገዛ እጅ የገነቡትን ቤት እንዲህ መመርመር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የምሁር ተጽዕኖ ሲነሳ ስንት ሰው ጠቀሰው እንላለን። የኤኮፍ ቁጥርም ትንሽ አይደለም። እኔ ግን ተጽዕኖ ስል ይህን ድፍረት ነው የማስበው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ በአቅራቢያው ማንቱዋ የሚባል የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ነበር። ኤኮፍና ባልደረቦቹ ዕቅድ ይዘው አልሄዱም። የሰፈሩ መሪዎች የሚሹትን ራሳቸው እንዲወስኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እንዲያግዛቸው አደረጉ። በ1970 ስለዚህ ሲጽፍ ርዕሱን ገለበጠው፤ ሰፈሩ በዩኒቨርሲቲው ላይ ያደረገው ጥናት አለው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን፣ ያውም በሙያው ዋና መጽሔት ላይ!

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደዚያው ሆስፒታል ተመለስኩ። ሰዓቴን ኪሴ ከተትኩ። ልጅ ያዘለች አንዲት እናት አስፈቅጄ ከበር ጀምሮ አብሬያት ዋልኩ። ካርድ፣ ሐኪም፣ ላብራቶሪ፤ ከዚያ መጠበቅ። ለምን እንደምንጠብቅ ማንንም ብጠይቅ አያውቅም። በመጨረሻ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነገረችኝ። «ውጤቱማ ጠዋት አልቋል፤ ወረቀቱን ወደ ሐኪሙ የሚያደርሰው ሰውዬ አንድ ነው፤ ሲሞላለት ነው የሚሄደው» አለች።

ላብራቶሪ ገባሁ። የዚያች እናት ውጤት በሦስት ሰዓት ተኩል ተፈርሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እኔ ሳየው ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ወረቀቱን አንስቼ ራሴ ወደ ሐኪሙ ይዤው ሄድኩ። በማግስቱ ስለ መስኮት የጻፍኩትን ሪፖርት ትቼ ሌላ ጀመርኩ።