የሳጥኑ ብዛት ያው፣ ቅርጹ ብቻ የተጣመመ

ሰላም መምህር፤ ልጆች በካሬ መስመር የተዛባ ስዕል (ከአንድ አቅጣጫ ሲያዩት ብቻ የሚስተካከል ስዕል) እንዴት ይሳሉ ላሉት፦ መጀመሪያ የፊት ፎቶ ላይ በየ1 ሳንቲሜትሩ ያስምሩ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ የሳጥኑ ብዛት ያው ይሁን። ቅርጹ ግን ከታች ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋና እየረዘመ ይሂድ። በሁለቱም ላይ ሳጥኖቹን ሀ1፣ ሀ2 እያሉ ምልክት ያድርጉ፤ አለዚያ ይምታታባቸዋል።

ከዚያ በፎቶው እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያለውን መስመር በተጣመመው ላይ ተመሳሳይ ምልክት ወዳለው ሳጥን ይቅዱ። ዋናው ነገር የሳጥኑን ጠርዝ ማየት ነው። የአፍንጫው መስመር የሀ3ን ጠርዝ መሃል ላይ ከቆረጠ፣ በተጣመመውም መሃሉ ላይ ይቁረጥ። «ፊት ይመስላል ወይ?» የሚለውን ለጊዜው ይርሱት። ሲያልቅ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው ከጠባቡ በኩል ይዩት። ፊቱ ይስተካከላል።

በሠዓሊው ሆልባይን የ1533 ሥዕል «አምባሳደሮቹ» ላይ ያለው የራስ ቅልም የሚገለጠው ከጎን ሲያዩት ነው። ያሳዩዋቸው፣ ጉድ ይላሉ! እርሳሱን ደግሞ አይጫኑት፤ ላጲስ እንቢ ይላል።