ባዶ እጁን የተመለሰው አዳኝ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አሜሪካ ውስጥ የዱር እንስሳት አያያዝ የምትማር አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የዳክዬ አደን ፈቃድ ልታወጣ ሱቅ ትገባለች። ሻጩ ባለፈው ወቅት ስንት ዳክዬ፣ ስንት ዝይ እንደገደለች መጠየቅ ሲገባው «ሁሉንም ዜሮ እንበለውና ቶሎ እንጨርስ» ይላታል። «ጋሼ፣ የኔስ ዜሮ እውነት ነው፤ አድኜ አላውቅም» ትላለች። «ከኋላዬ የቆሙት ሽማግሌ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደኑ ሰው ናቸው። እሳቸውንም ሳይጠይቅ ዜሮ ሞላላቸው። ይሄ ማንን ይጎዳል? አንድ ሰው የሞላው ቅጽስ እውነት የአደን ወቅትን ያስረዝማል፣ ያሳጥራል?»

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፤ አዳኙ ብቻ ሳይሆን በሙያው ውስጥ ያለውም ይሳሳትበታልና። ፈቃድ ሲወጣ የሚጠየቁት ጥያቄዎች የዳክዬ ቆጠራ አይደሉም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ከሃዋይ በስተቀር ሁሉም ግዛቶች የገቡበት የአደን መረጃ ፕሮግራም አለ። እሱ የሚፈልገው የስደተኛ ወፍ አዳኞችን ስምና አድራሻ ነው፤ ከዚያም አዳኙ ብዙ የሚገድል፣ ጥቂት የሚገድል ወይስ ጭራሽ የማይገድል መሆኑን። ከየምድቡ በዕጣ ናሙና ይወጣል። ወቅቱን ሙሉ የት እንደወጣና ስንት ይዞ እንደተመለሰ እንዲመዘግብ የሚጠየቀው ዕጣው የደረሰው ሰው ብቻ ነው፤ ቆጠራው ያለው እዚያ ላይ ነው። ሻጩ አንጋፋውን አዳኝ ከማያድኑት ጋር ሲደባልቀው ግን የመጠየቅ ዕድሉ ይመነምናል። ቢጠየቅም ዜሮ ከሚጠበቅበት ምድብ ትልቅ ቁጥር ይዞ ብቅ ይላል፤ ግምቱም ይዋዥቃል። የሱቁን ጉዳይ በዚህ ልተወው።

«አንድ ሰው የሞላው ቅጽ» የምትለውን ሳነብ ሐሳቤ ወደ 2008 ነጎደ።

ያኔ በሚሲሲፒ የበረራ መስመር፣ ማለትም ወፎች በየወቅቱ በሚሰደዱበት ሰፊ መንገድ ውስጥ ባለ አንድ ግዛት የውሃ ወፎች ባለሙያ ነበርኩ። ፌዴራል መንግሥት የወቅቱን ርዝመትና በቀን የሚፈቀደውን ብዛት ጣሪያ ያስቀምጣል፤ ግዛቶች በዚያ ውስጥ ቀናቸውን ይመርጣሉ፤ ከዚያ በፊት ሕዝብ ይሰበሰባል። ኦገስት ላይ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። የያዝነው ወሬ ሁለት ነበር። ካንቫስባክ የተባለው ዳክዬ በዚያ ዓመት ጭራሽ አይታደንም። ደንቡ የሚቀጥለው ጸደይ ብዛቱ ከ500,000 በታች እንደሚሆን ከተገመተ ይዘጋ ይላል፤ የዚያ ዓመት የአውሮፕላን ቆጠራ ራሱ ከዚያ ወርዶ ነበር። ሁለተኛው ወሬ ደስ የሚል ነው፦ በዛፍ ቀዳዳ የሚፈለፍለው ዉድ ዳክ በቀን ከ2 ወደ 3 ከፍ ብሏል።

እንደተለመደው ስለ ደስ የሚለው ማንም አልጠየቀም። ጩኸቱ በሙሉ ካንቫስባክ ላይ ሆነ። አንዱ ቆጠራችሁ ውሸት ነው ይላል፤ ሌላው እኔ ጋ ሞልቷል ይላል። በዚህ መሐል ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ተነሡ። ጭቃ የደረቀበት ቦቲ አድርገዋል፤ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«እኔ ረግረግ ውስጥ ነው የማድነው፤ ዉድ ዳክ እንጂ ሌላ አላውቅም» አሉ። «አውሮፕላናችሁ ከዛፉ በላይ ሲያልፍ ምን ያያል?»

ከምሽቱ ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይሄ ነበር። ምንም አያይም። ከ1955 ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት ላይ አብራሪዎች ማላርድና ፒንቴይል የተባሉትን ዳክዬዎች በሜዳው ኩሬ ላይ ይቆጥራሉ፤ ዉድ ዳክ ግን ጫካ ውስጥ ነው። ያንን አመንኩላቸው፤ የዉድ ዳክን ነገር የምናውቀው እግራቸው ላይ አስረን ከምንለቃቸው፣ አዳኝ ሲያገኛቸው ከሚያሳውቀን ቀለበቶችና ከእናንተ መልስ ነው አልኳቸው።

«ከኔ እንኳ አላወቃችሁም» አሉ። «አንድ ዓመት ቅጽ ልካችሁልኝ ነበር። በዚያ ዓመት አንድም አልቀናኝም። ምን ብዬ ልጻፍ? ጣልኩት።»

አዳራሹ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ሰብሳቢው ሰዓት አለቀ ብሎ ለሌላ ሰው ዕድል ሰጠ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስብሰባው ሲያበቃ ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጥኩ፤ ሄደዋል። ስማቸውን አልያዝኩም፤ ከዚያም በኋላ በሌሎች ስብሰባዎች ላይ በዓይኔ ፈልጌ አላገኘኋቸውም። የሚቆጨኝ እሳቸው ብቻ አይደሉም። አዳራሹ በሙሉ ባዶ እጁን የተመለሰ አዳኝ የሚናገረው የለውም ብሎ፣ ያንንም በሳቅ አጽድቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ አዳራሽ ስንት ቅጽ እንደተጣለ ማን ያውቃል?

ያልተባለው መልስ ይሄ ነበር። ቅጹን ደስ ብሎት የሚመልሰው የቀናው ሰው ነው። ያልቀናው «ምን ብዬ ልጻፍ» ይላል። ስለዚህ የመለሱትን ብቻ አማካይ ወስደን ለሁሉም ብናባዛው፣ አዳኙ በእውነት ከገደለው በላይ የገደለ ይመስላል። በዚያ ላይ ሰው በትዝታ ሲጽፍ ጥሩውን ቀን አይረሳም፤ ቁጥሩንም ወደ ላይ ያስጠጋል። ይሄ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀና በስሌት ሲታረም የኖረ ነው፤ መመዝገቢያው ወቅቱ ሳያልፍ አዳኙ እጅ እንዲገባ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። የዚያ የአዳራሹ ሰውዬ ዜሮ እነዚህን ሁለት ማጋነኖች ወደ ታች የምትጎትት ነበረች።

ተቃራኒውን ብልጠት የሚያስብም አለ፤ «ጥቂት ብዬ ልጻፍ፣ ገደቡን እንዳይቀንሱብኝ»። ዉድ ዳክን ይዘን እንየው። ፍሬደሪክ ሊንከን በ1930 ባሳተመው ስሌት፣ አዳኞች የገደሉትን ጠቅላላ ብዛት ከመንጋው በገደሉት ድርሻ ስናካፍለው የመንጋውን ብዛት እናገኛለን። ድርሻውን የሚነግሩን ቀለበቶቹ ናቸው። ለምሳሌ ከአሥሩ አንዱ ተገድሏል እንበል፤ የተገደለው 1,000 ከሆነ መንጋው 10,000 ነው። አዳኞቹ ግማሹን ከደበቁና 500 ካሉ መንጋው በወረቀት ላይ 5,000 ይሆናል። ከ5,000 ላይ ደግሞ ማንም ደፍሮ ሦስተኛ ዳክዬ አይፈቅድም። የደበቀው አዳኝ የቆረጠው የራሱን ገደብ ነው።

ጠቅላላው ቁጥር ዝርያውን አይነግረንም፤ እሱን የሚነግረን ክንፍ ነው። ለተመረጡ አዳኞች ፖስታ ይላክላቸዋል፤ ከእያንዳንዱ ዳክዬ አንድ ክንፍ፣ ከዝይ የጅራት ላባና የክንፍ ጫፍ ቆርጠው ይልካሉ። በብርዱ ወራት በየበረራ መስመሩ ባለሙያዎች ተሰብስበው ዊንግ ቢ የሚሉትን የክንፍ ምደባ ሥራ ይሠራሉ። እኔ ያንን የተማርኩት ከአንዲት አዛውንት ባዮሎጂስት ነው። የማላርድ ክንፍ ከፍታ፣ ሁለት ነጭ መስመር ያቀፈውን ሰማያዊ ታልፈውና ጣቷን ወደ ገላ በሚጠጉት ላባዎች ላይ ታሳርፋለች። የአዋቂው ዳክዬ ላባ ጫፉ ክብ፣ ሙሉ ነው፤ የዘንድሮው ጫጩት ጠባብ፣ ጫፉ የተበላ። «እዚህ ነው ዕድሜው» ትለኝ ነበር። ክፍሉ በደረቀ ደምና በላባ ሽታ ይታፈናል፤ ቡና እየጠጣን እንሠራለን። አንዳንዱ ፖስታ ላይ በልጅ እጅ «የመጀመሪያዬ ናት» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል፤ እሷ እነዚያን ፖስታዎች ነጥላ ታስቀምጣቸው ነበር። ጡረታ ስትወጣ ምን እንዳደረገቻቸው አልጠየቅኳትም።

ከጠረጴዛው የሚወጣው አዋቂውና ጫጩቱ ያላቸው ንጽጽር ነው። ጫጩት ሞኝ ስለሆነ በቀላሉ ይገደላል፤ እሱን በቀለበት መረጃ ካረሙ በኋላ የዓመቱ መራባት ይታወቃል። ከ1995 ወዲህ የወቅቱ ርዝመት የሚወሰነው እንዲህ ያለው መረጃ በየዓመቱ በሚያርማቸው ሞዴሎች ነው። በሚሲሲፒ መስመር ምርጫው 60 ቀን በቀን 6 ዳክዬ፣ 45 ቀን በቀን 6፣ ወይም 30 ቀን በቀን 3 ነው፤ ወይም መዝጋት። የ30 ቀኑን ዘመን በ1980ዎቹ መጨረሻ ድርቁ ሲከፋ አይቼዋለሁ። የዛሬ ወጣት አዳኝ ከ1997 ወዲህ ለጋሱን እንጂ ሌላ አላየም፤ 60 ቀኑን እንደ ርስቱ ነው የሚቆጥረው። ይሄ ያሳስበኛል። ድርቅ ተመልሶ ሲመጣና ወደ 30 መውረድ ሲያስፈልግ፣ ቅጹን ንቆ የኖረ ትውልድ ውሳኔውን አምኖ ይቀበላል?

እናንተ በሙያው ያላችሁትም ብትሆኑ ጥድፊያ ታበዛላችሁ። ክንፍ ሳይነኩ ሞዴል መሥራት፣ ወረቀት ያረጀ ነገር ነው ማለት። ካሜራው፣ ሳተላይቱ ይበቃል ትሉኛላችሁ። በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት የቆጠራ አውሮፕላኖቹ ሳይነሡ ሲቀሩ፣ ውሳኔው የተደገፈው ባለፉት ዓመታት በተጠራቀመው መረጃ ላይ ነበር። ስልካችሁን ግን በጅምላ ልነቅፍ አልችልም። ቀለበት በደብዳቤ ብቻ በሚታወቅበት ዘመን አዳኝ ካገኛቸው የማላርድ ቀለበቶች ሪፖርት የሚደረገው ከሦስት አንዱ ገደማ ነበር፤ ነጻ የስልክ መስመሩ ከመጣ ወዲህ ከግማሽ በእጅጉ በለጠ። ስለዚህ ነገሩ ከወረቀቱ አይደለም፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዜሮውንም ጨምሮ ይመልስ ነው የምለው፤ በፖስታም ይሁን በኢሜይል።

አንቺ ልጄ፣ በደብዳቤሽ መጨረሻ ስታቲስቲክስ ልማር ወይስ ወፎችን ብለሽኛል። ሁለቱንም ትማሪያለሽ፤ ይሄ ምክር አያሻውም። ግን ከዚያ በፊት ለግዛትሽ የውሃ ወፎች ባለሙያ ጻፊና በዚህ ብርድ ወራት ክንፍ ምደባው ላይ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂ። ከተቀበሉሽ በዝዩ ጠረጴዛ ጀምሪ፤ የጫጩቱ ጅራት ላባ ጫፉ ላይ ሰርጎድ ያለች ስንጥቅ ስላለችው ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። ዳክዬውን ጠረጴዛ ከዚያ በኋላ ትደርሺበታለሽ። ከኋላሽ የቆሙትን ሽማግሌ ደግሞ ዳግም ካገኘሻቸው፣ ሻጩ ምን እንደሞላላቸው ንገሪያቸው።