ሮክ ኤንድ ሮልን ማን ጀመረው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ሮክ ኤንድ ሮል አነሳስ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሮክ ኤንድ ሮልን የፈጠረው ኤልቪስ ፕሪስሊ አይደለም እንዴ? ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረናልና ዳኛ ሁኑን።

አይደለም። ኤልቪስ ሜምፊስ ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላውን የቀረጸው በ1954 ነው፤ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሮይ ብራውን «ጉድ ሮኪን ቱናይት»ን የዘፈነው ግን በ1947 ነው፤ ዘፋኙና ፒያኖ ተጫዋቹ ፋትስ ዶሚኖም ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተቀረጸው በ1949 መጨረሻ ላይ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ የጥጥ እርሻዎች ወደ ሜምፊስ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ሲፈልሱ ብሉዝ የሚባለውን የሐዘንና የናፍቆት ዘፈናቸውንና የቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ይዘው ሄዱ፤ ከተማው ጫጫታ፣ ጭፈራ ቤቱም የታጨቀ ስለነበር ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆነ፣ ከበሮው ጠነከረ፣ ሳክስፎኑም ጮኸ። የነጮቹ የገጠር ሙዚቃ ካንትሪም ገባበት። ቸክ ቤሪ በ1955 ዝነኛ የሆነበት «ሜይቤሊን» መነሻው የድሮ ካንትሪ ዘፈን ነው።

ኤልቪስ ራሱም ይህን አልካደም። በ1956 ለጋዜጠኛ ሲናገር፣ ጥቁሮቹ ይህን ሙዚቃ ከእሱ በፊት ሲጫወቱት እንደኖሩና እሱም ከእነሱ እንደሰማው በግልጽ አስረድቷል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላ የቱ ነው?

ብዙ ሰው የሚጠራው በ1951 ሜምፊስ፣ ሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ የተቀረጸውን «ሮኬት 88» ነው። የአይክ ተርነር ባንድ ለቀረጻ ሲመጣ የጊታሩ ማጉያ መንገድ ላይ ተጎዳ። ፊሊፕስ የተቀደደውን ስፒከር በወረቀት ጠቅጥቆ ቀረጻውን ቀጠለ፤ የወጣው ሻካራ ድምፅ ዛሬ የሮክ ጊታር መለያ የሆነው ዓይነት ነው። የሚያሳዝነው፣ ሸክላው ላይ የታተመው የተርነር ባንድ ስም አልነበረም። የዘፋኙ የጃኪ ብረንስተን ስም ነበር።

እኔ ግን አንድ ሸክላ ነጥሎ «ይኸው መጀመሪያው» ማለት አልወድም። ከዚያ በፊት የሠሩትን ያስረሳል።

ጥያቄ፦ በአጭሩ ነጮቹ ሰረቁት ማለት ይቻላል?

ኤልቪስን ሌባ አልለውም። እኔን የሚያናድደኝ ሕጉና ሸክላ አሳታሚዎቹ ናቸው። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ የሚያውቀው የግጥምና ዜማ ደራሲውን ነው። ዘፈኑን በድምፅዋ ነፍስ የዘራችበት ዘፋኝ ሌላ ሰው ደግሞ ሲዘፍነው ቤሳቤስቲን አታገኝም። ላቨርን ቤከር በ1955 «ትዊድል ዲ» ሊሳካላት ሲል፣ ጆርጂያ ጊብስ የምትባል ነጭ ዘፋኝ ቅንብሩን እንዳለ ወስዳ ዘፈነችውና የነጮቹ ሬዲዮ እሷን ማጫወት ያዘ። ቤከር ሕጉ ቅንብርንም እንዲጠብቅ ለኮንግረስ አባል ጻፈች። አልተሳካላትም።

ቢግ ማማ ቶርንተንን ደግሞ ተመልከቱ። «ሀውንድ ዶግ»ን በ1952 ቀረጸችው፣ በቀጣዩ ዓመት በሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ ማለትም በጥቁሮች ሙዚቃ የተወዳጅነት ሰንጠረዥ ለ7 ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ እሷ እንደምትለው ያገኘችው 500 ዶላር ነው። በ1956 ኤልቪስ ሲዘፍነው ሚሊዮኖች ተሸጠ። ደራሲ መሆንም ቢሆን ብቻውን አላዳነም፦ ኤልቪስ በመጀመሪያው ሸክላው የዘፈነው የአርተር ክሩደፕን ድርሰት ነው፤ ክሩደፕ ግን የሚገባው ገንዘብ እጁ ሳይገባ በ1974 ሞተ። ይህን እያወቅን «ሙዚቃ ዘር የለውም» ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ፓስተሬ የሰይጣን ሙዚቃ ነው ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያን ወጣ የሚባለውስ?

ፓስተርዎን አክብሬ፣ ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ያድምጡልኝ። በ1915 አርካንሳስ ተወለደች። እናቷ ወንጌላዊት ነበሩ፣ የሚያመልኩበት የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያንም በከበሮና በጭብጨባ የሚዘመርበት ነበር። ልጅቷ ጊታሯን ይዛ እዚያ አደገች። በ1944 የቀረጸችው መዝሙር በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ ጊታሯን ስትሰሙ ቸክ ቤሪ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። በ1947 ሜከን ከተማ ኮንሰርቷ ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አብሯት እንዲዘምር መድረክ ላይ አወጣችው። ያ ልጅ በኋላ የሮክ ኤንድ ሮል ኮከብ የሆነው ሊትል ሪቻርድ ነው። ታርፕ በ1973 ሞተች፣ መቃብሯ ለረጅም ዓመታት ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም፤ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ያስገባት በ2018 ነው። በጣም ዘግይቷል!

ጥያቄ፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለምን ቀዘቀዘ?

ሰዎቹ ተበተኑ። ሊትል ሪቻርድ በ1957 ወደ ስብከት ዞረ፣ ኤልቪስ በ1958 ለውትድርና ሄደ፣ ዘፋኙ በዲ ሆሊ በየካቲት 1959 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እሳቱን ያቆዩት የእንግሊዝ ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ባንድ፣ ሮሊንግ ስቶንስ፣ ስማቸውን እንኳ የወሰዱት ከጥቁሩ የብሉዝ ዘፋኝ ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋስ እንዴት ደረሰ?

አንዱ መንገድ አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ የቃኘው ስቴሽን ሬዲዮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራው አለማየሁ እሸቴ በጸጉሩም በአለባበሱም ኤልቪስን ተከተለ፣ «የአበሻው ኤልቪስ» ተባለ፤ ዘፈኑ ግን አማርኛ፣ ቅኝቱም የእኛው ነው። ሙዚቃ ቤት የነበረው አምሃ እሸቴ በ1969 ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠውን ሸክላ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ማሳተም ባይጀምር ከዚያ ዘመን ድምፅ ስንቱ በቀረ ነበር።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ታርፕ፣ ቀጥሎ «ሮኬት 88»፣ ከዚያ ፋትስ ዶሚኖና ቸክ ቤሪ። «ሀውንድ ዶግ»ን ግን የቶርንተንን ሳትሰሙ የኤልቪስን እንዳትከፍቱ።