ከአየር ሽጉጥ ወደ ሌላው ውድድር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የምንወዳደር ጓደኛሞች ነን። አሁን 25 ሜትር ሽጉጥ ልንሞክር ተመዝግበናል። በትክክለኛነቱ ክፍል እንደምንም እንወጣለን። የፍጥነቱ ክፍል ላይ ግን ሦስቱ ሰከንድ አይበቃንም፤ ከአምስቱ ጥይት አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ሳይተኮሱ ይቀራሉ። የዘገየው እጃችን ነው ወይስ ዓይናችን?

መልስ፦ አብሽሩ፣ እጃችሁ ደህና ነው። የሚያዘገያችሁ የአየር ሽጉጡ ያስለመዳችሁ ትዕግሥት ነው። በ10 ሜትር 60 ጥይት ለመተኮስ 75 ደቂቃ አላችሁ። ማነጣጠሩ ካልጣማችሁ እጃችሁን አውርዳችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ፤ እዚያ ትክክለኛ ልማድ ነው። በ25 ሜትር የፍጥነት ክፍል ግን 3 ሰከንድ ትተኩሳላችሁ፣ 7 ሰከንድ ትጠብቃላችሁ፤ ይህ አምስት ጊዜ ይደጋገማል፣ በእያንዳንዱ 3 ሰከንድ የሚተኮሰውም አንድ ጥይት ብቻ ነው። ያልተኮሳችሁት ጥይት ዜሮ ነው።

መጀመሪያ ይህን ስሌት ልብ በሉ። የአየር ሽጉጥ ኢላማ የአስር ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። የፍጥነቱ ኢላማ የአስር ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀቱን አስታርቃችሁ ወደ 10 ሜትር ብታመጡት 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የአየር ሽጉጡ ኢላማ የስምንት ክብ ደግሞ 43.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በ10 ሜትር ጥሩ ስምንት ያስመታችሁ የነበረው መወዛወዝ እዚህ አስር ያስመታል። የፊት ማነጣጠሪያው ጥቂት ሲወዛወዝ እያያችሁ ምላጩን መሳብ መልመድ አለባችሁ። እንዲረጋ የጠበቀ ሰው ሰዓቱ ያልቅበታል።

ሦስቱን ሰከንድ እንዲህ ከፋፍሏቸው። በሰባቱ ሰከንድ እረፍት ክንዳችሁ ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ ወደ ታች ይጠብቃል። አንዴ በደንብ ተንፍሱ፣ ከዚያ ግማሹን አስወጥታችሁ ያዙት። ዓይናችሁ ሽጉጡን ተከትሎ አይውጣ፤ የፊት ማነጣጠሪያው የሚደርስበት ቦታ ላይ ቀድሞ ይጠብቀው። ምልክቱ ሲታይ ክንዳችሁን በአንድ ፍጥነት አንሡ፣ እያነሣችሁም የምላጩን የመጀመሪያ ልስላሴ፣ ማለትም ጥይቱ ሳይወጣ በቀላሉ የሚሳበውን ክፍል፣ ጨርሱ። በአንደኛው ሰከንድ መጨረሻ ኢላማው ላይ ትደርሳላችሁ። ጥይቱ በ2 እና በ2.5 ሰከንድ መካከል ይውጣ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ክንዱ ቆሞ እስኪያበቃ ጣታቸውን ስለማያንቀሳቅሱ ነው፤ ከዚያ የቀረችውን ግማሽ ሰከንድ በአንድ ጊዜ ይስቧታል፣ የእጅ አንጓ አብሮ ይታጠፋል፣ ቀኝ እጁ የሆነ ተኳሽ ጥይቱን ታች ግራ ያገኘዋል። ታች ግራ የተሰበሰበ ቀዳዳ ካያችሁ ማነጣጠሪያውን አትንኩ፤ ጣታችሁን ቀድማችሁ አስጀምሩት።

ለልምምድ ስልካችሁ ላይ ድምፅ ቅዱ፤ «ጀምር»፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ «ቁም»፣ 7 ሰከንድ ዝምታ፣ እንደገና፣ አምስት ጊዜ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ባያችሁት የአየር ሽጉጥ፣ ያለ ጥይት ምላጭ የሚያስስብ ማብሪያ ካለው በዚያ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ተለማመዱ። ግድግዳው ኢላማ ስለሌለው የፊት ማነጣጠሪያውን ብቻ ታያላችሁ። በቀን አሥር ዙር ይበቃል። በ25 ሜትሩ ውድድር በምትተኩሱበት የ.22 ሽጉጥ ግን ያለ ጥይት ምላጭ አትሳቡ፤ መምቻው የጥይት ቤቱን ጠርዝ እየመታ ያበላሸዋል። የተተኮሰ ቀለህ ወይም የልምምድ ጥይት ይግባበት።

የምላጩ ክብደት ሌላው ነው። የአየር ሽጉጡ ዝቅተኛ ገደብ 500 ግራም ነው፣ የ25 ሜትሩ 1,000 ግራም። ከውድድሩ በፊት ክለባችሁ ውስጥ ለመፈተሽ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ አንገቱ ላይ በሽቦ መንጠቆ ሥሩለት። ባዶውን ሽጉጥ አቀባብላችሁ አፈሙዙን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ያዙት፣ መንጠቆውን ምላጩ መሃል ላይ አድርጋችሁ ሃይላንዱን ከወለሉ በዝግታ አንሡት። ምላጩ ከያዘው ያልፋል። ሃይላንዱ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ግራም ስለሚበልጥ የዳኛው መመዘኛ አያስደነግጣችሁም። አንዳንዱ ምላጭ ሲሞቅ ይላላል፤ ልክ አንድ ኪሎ ላይ አትተዉት።

የሚረሳ ነገር ደግሞ ማነጣጠሪያው ነው። በትክክለኛነቱ ክፍል የምታነጣጥሩት ከጥቁሩ ሥር ነው፤ ጥቁሩ 200 ሚሊ ሜትር ነው። የፍጥነቱ ኢላማ ግን ጥቁሩ 500 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ግራና ቀኝ ባሉት አግድም ነጭ መስመሮች መካከል መሃሉን ትይዛላችሁ። ማነጣጠሪያውን ሳታወርዱ ከሄዳችሁ ጥይታችሁ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስምንት ላይ ይገባል። ስንት ጠቅታ እንደሚያወርድ በልምምድ ፈልጉና በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ሣጥኑ ክዳን ላይ ለጥፉት።

ጥይት ከከሸፈ ወይም ቀለህ ከተቀረቀረ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ባዶ እጃችሁን አንሡና ዳኛውን ጥሩ። ራሳችሁ ከፍታችሁ ካወጣችሁት ዳኛው የሚያረጋግጠው ነገር አይኖርም፣ የመድገም መብታችሁም አብሮ ይሄዳል። የጆሮ መከላከያም አትርሱ፤ ከአየር ሽጉጥ የመጡ ሰዎች ሳይዙ ይመጡና በጎረቤታቸው ተኩስ ሁሉ ይበረግጋሉ።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ፣ በ25 ሜትር እወዳደራለሁ። ናይሮቢ ያለው ወንድሜ እየተንቀሳቀሱ የሚተኩሱበትን ፕራክቲካል የሚባለውን ውድድር ይወዳደራል። በቅርቡ እሱ ዘንድ ስሄድ እንድሳተፍ ጋብዞኛል። ጥሩ አልሜ እመታለሁ፤ ይህ ብቻ ይበቃኛል?

መልስ፦ ለነጥቡ ይጠቅምዎታል። ከውድድር ለመሰረዝ ግን ኢላማ መሳት አያስፈልግም። እርስዎ የለመዱት ሽጉጡን ከሣጥን አውጥቶ የተኩስ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። እዚያ ዳኛ ሳያዝ ወይም ከደህንነት ጠረጴዛው ውጪ ሽጉጥ ካወጡ ያን ጊዜውኑ ይሰረዛሉ። ደህንነት ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ ይነካል፣ ጥይት አይነካም፤ ኪስዎ ውስጥ ያለውን አውጥተው ቢያዩት እንኳ ያሰርዛል። ስለዚህ እንደደረሱ ሽጉጡ በቦርሳው እንዳለ ወደዚያ ጠረጴዛ ይሂዱ፣ ባዶነቱን አይተው አፎቱ ውስጥ ያስገቡት፣ ተራዎ እስኪደርስ አይንኩት።

በተራዎ ጊዜ ዳኛው «ሎድ ኤንድ ሜክ ሬዲ» ይላል፤ ያኔ ብቻ ያጎርሳሉ። «አር ዩ ሬዲ»፣ «ስታንድባይ»፣ ከዚያ የሰዓቱ ጩኸት። ሲጨርሱ ካዝናውን አውጥተው ባዶነቱን ያሳያሉ፣ «ሬንጅ ኢዝ ክሊር» እስኪባል ማንም ወደፊት አይሄድም። ሲንቀሳቀሱና ካዝና ሲቀይሩ ጣትዎ ከምላጭ ቀለበቱ ውጪ በግልጽ ይታይ፣ አፈሙዙ ግራም ሆነ ቀኝ ከ90 ዲግሪ አይለፍ። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ወደ ግራ ሲሮጥና ካዝና ሲቀይር ነው ይህ የሚያመልጠው። ሽጉጡ ከወደቀ ጎንበስ ብለው አያንሡት፤ ዳኛው ያነሣዋል።

ነጥቡ የሚወጣው ያገኙትን ነጥብ ለወሰደብዎ ሰከንድ በማካፈል ነው። ስድስት ኢላማ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ጥይት እንበል። በ9 ሚሊ ሜትር በፕሮዳክሽን ምድብ (ተራ የፋብሪካ ሽጉጥ የሚወዳደርበት ነው) መሃለኛው ክልል 5፣ ቀጣዩ 3፣ የዳሩ 1 ነው። አሥራ ሁለቱንም መሃል አግብተው በ20 ሰከንድ ከጨረሱ 60 ለ20፣ 3.00 ያገኛሉ። ሌላው ስምንቱን መሃል፣ አራቱን ቀጣዩ ላይ መትቶ በ13 ሰከንድ ከጨረሰ 52 ለ13፣ 4.00 ነው፤ በለጠዎት። ያው ሰው ከስምንቱ አንዱን ቢስት ግን 5 ያጣል፣ 10 ይቀነስበታል፤ 37 ለ13፣ 2.85 ይሆንና ከእርስዎ በታች ይወርዳል። ስለዚህ እርስዎ መጀመሪያ ማሳጠር ያለብዎት በጥይቶች መካከል የሚባክነውን ጊዜ ነው፤ ከኢላማ ወደ ኢላማ ሲዞሩ ዓይንዎ ቀድሞ ይሂድ፣ ሽጉጡ ይከተለው። በሁለት እጅ፣ ፊት ለፊት ቆመው ይተኩሳሉ፤ አንዳንዴ በአንድ እጅ የሚያስተኩስ ምዕራፍ ይመጣል፣ ያኔ የእርስዎ ልምድ ጎልቶ ይወጣል።

የውድድር ሽጉጥዎን ትተውት ይሂዱ፤ የእንጨት እጀታው አፎት ውስጥ አይገባም። ከወንድምዎ ክለብ የሚገኝ ተራ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ፣ ምላጩን የሚሸፍን አፎት፣ ጠንካራ ቀበቶ፣ ሦስት ወይም አራት ካዝና፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ ይበቃዎታል። በመጀመሪያው ውድድር ሳይሰረዙ መጨረስን ግብዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ያስተካከልነው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ ሽጉጥ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንተኩስበት ከፍ ብሎ ይመታል። የከፍታው ልዩነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። በ10 ሜትር ርቀት የአየሩ መሳሳት አይታይም። የጋዙ ግፊት ግን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 45 ባር ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ ነው። ጥይቱ ከ140 ወደ 150 ሜትር በሰከንድ ቢፈጥን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የአስሩ ክብ 11.5 መሆኑን አስቡ። ሽጉጡን ከቦርሳ አውጥታችሁ የአዳራሹን ሙቀት እስኪይዝ ቢያንስ 30 ደቂቃ አቆዩት፣ ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡት፣ ማስተካከሉን በሙከራ ተኩሱ ጨርሱ። በፍጥነት ስትተኩሱም ጋዙ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያልነውን የ3 ሰከንድ ልምምድ በዚህ ሽጉጥ ከሠራችሁ ያለ ጥይትና ያለ ጋዝ ይሁን።