«ከማን ቅኝት?» የእስያን ሙዚቃ ለሚያጠኑ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከሙዚቃ ተማሪዎች ናቸው። «ስለ እስያ ሙዚቃ ጻፉ» ተብለው ጭንቅ ውስጥ ገብተዋል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ «የእስያ ሙዚቃ» የሚባል አንድ ሙዚቃ የለም። ከሞንጎሊያ ሜዳ እስከ ባሊ ደሴት ያለውን በአንድ ስም መጥራት የጉራጌን ጭፈራና የቤተ ክርስቲያንን ወረብ አንድ ላይ ጠቅልሎ «የአፍሪካ ሙዚቃ» እንደማለት ነው። አስተማሪያችሁ ካልከለከለ አንድ አገር፣ ቢቻል ደግሞ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ብቻ ያዙ። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

«ስለ ጋሜላን አምስት ገጽ ጻፊ ተብያለሁ። ሳዳምጠው ግን መሣሪያዎቹ በደንብ ያልተቃኙ ይመስለኛል። ይህን ብጽፍ ነውር ነው? ከየትስ ልጀምር?»
*የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ አዲስ አበባ*

ነውርስ አይደለም፣ ስህተት ነው እንጂ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ጽፌ ነበር። አስተማሪዬ ዳር ላይ በቀይ «ከማን ቅኝት?» ብቻ ብለው መለሱልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። በአራተኛው ቀን ነው የገባኝ።

ጋሜላን የአንድ መሣሪያ ስም አይደለም። የኢንዶኔዥያ የመሣሪያዎች ስብስብ ነው፤ አብዛኞቹ ከነሐስ የተሠሩ ጎንጎችና በመዶሻ የሚመቱ ሰሌዳዎች ናቸው። አንጥረኛው ሲሠራው ስብስቡን እርስ በርሱ ያቃኘዋል። ለሁሉም የሚያገለግል አንድ መለኪያ ድምፅ የለም። ስለዚህ ከአንዱ ጋሜላን አንድ መሣሪያ ተውሶ ሌላው ውስጥ ማስገባት አይሆንም፣ አይገጥምም። በጃቫ ሁለት ቅኝቶች አሉ፦ አምስት ድምፅ ያለው ስሌንድሮና ሰባት ድምፅ ያለው ፔሎግ። ሁለቱንም ፒያኖ ላይ ብትፈልጊያቸው በትክክል አታገኚያቸውም።

ባሊ ስትደርሺ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ መሣሪያዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሆን ተብሎ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ተደርጎ ይቃኛል። ዝቅ ያለው ፔንጉምባንግ፣ ከፍ ያለው ፔንጊሰፕ ይባላል። ሁለቱ እኩል ሲመቱ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ዋው ዋው ዋው የሚል ነገር ይሰማሻል። ስሙም ኦምባክ ነው፣ ማዕበል እንደማለት። አንቺ «አልተቃኘም» ያልሽው ይህንን ከሆነ፣ አንጥረኛው ለፍቶ ያመጣውን ነገር ነው እንደ ጉድለት የቆጠርሽበት።

እንዲህ ዓይነት ቅኝቶችን ለመለካት የሚረዳ መሣሪያ ከተፈለገ እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያቀረበው ሴንት የሚባል መለኪያ አለ። አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) 1200 ሴንት ነው፤ በፒያኖ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁልፎች መካከል 100 ሴንት አለ። ኤሊስ የብዙ አገር ሙዚቃ ለክቶ የደረሰበት መደምደሚያ «ተፈጥሯዊ የሆነ አንድ ቅኝት የለም» የሚል ነበር። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ለመግቢያሽ ትበቃለች።

አሁን አጀማመሩ። «ኬታዋንግ ፑስፓዋርና» የሚለውን የጃቫ ዜማ ፈልጊ። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1977 ከቮየጀር መንኮራኩሮች ጋር ወደ ጠፈር በላከው የወርቅ ሸክላ ላይ አለ። የተቀዳው ዮግያካርታ ውስጥ በፓኩ አላማን ቤተ መንግሥት ነው። ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ዜማውን እርሺው። ትልቁ ጎንግ በተመታ ቁጥር አንድ ሰረዝ ብቻ አድርጊ። ኬታዋንግ ማለት በሁለት ጎንጎች መካከል 16 ዋና ምት ያለው ቅርጽ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ስታዳምጪ ኬኖንግ የሚባለውን ከፍ ያለ ድምፅ ፈልጊ፤ ዙሩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ 8ኛውና 16ኛው ላይ ይመታል። በሦስተኛው ደግሞ ፍጥነቱን ተከታተይ። ዋናው ምት ሲዘገይ ትንንሾቹ መሣሪያዎች ምታቸውን ያበዛሉ፣ ክፍተቱን በድምፅ ይሞሉታል። ይህን ሦስት ጊዜ የሰማሽውን በተራ ብትጽፊ አምስት ገጽ ያንስሻል።

«ልጄ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ጃፓን ኮቶ እየጻፈች ነው። አጠገቧ ሆኜ ስሰማ ‹ይሄማ የኛው ትዝታ ነው!› አልኳት። ሳቀችብኝ። ማናችን ነን ትክክል?»
*አባት፣ ሜሪላንድ*

ጋሼ፣ ጆሮዎ አልዋሸዎትም። ኮቶ 13 ክር ያለው መሣሪያ ነው። ከተለመዱት ቅኝቶቹ አንዱ ሂራጆሺ ይባላል። ቤት ውስጥ ፒያኖ ካለ ነጮቹን ብቻ ይዘው ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብለው ይጫኑ። ትዝታ ማይነር ይወጣል። ሂራጆሺም ይወጣል። በቁልፍ ስናስቀምጠው እርምጃው አንድ ነው።

ልጅዎም ግን አልተሳሳተችም። አምስት ድምፅ መጋራት አንድ ሙዚቃ መሆን አይደለም። ሌላ ምሳሌ ልስጥዎ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሉ፤ ትዝታ ሜጀር ነው። በሰሜን ሕንድ በእነዚሁ አምስት ድምፆች የሚዘፈኑ ሁለት ራጎች (የየራሳቸው ሕግ ያላቸው የዜማ ሥርዓቶች) አሉ፣ ቡፓሊና ዴሽካር። ቡፓሊ የምሽት ነው፤ ክብደቱ ሚ ላይ ነው። ዴሽካር የጠዋት ነው፤ ዜማው ላ ላይ ይከርማል። ሕንዶቹ ራሳቸው «እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም» ይላሉ። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ አምስቱ ድምፅ ሁለት ቤት ከሆነ፣ ከጃፓን ጋር ስናወዳድር ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን ይታይዎት። የኛም ትዝታ ቢሆን ድምፅ ብቻ ነው እንዴ? ከየት ተነሥቶ የት ያርፋል፣ ማሲንቆው የቱን ድምፅ ያስለቅሳል፣ ይሄ ሁሉ አለበት።

ስለዚህ ልጅዎ የእርስዎን አስተያየት ትጻፈው፣ ጥሩ መነሻ ነው። ቀጥላ ግን ኮቶ ተጫዋቹ በግራ እጁ ክሩን ከብርኩማው ማዶ ተጭኖ ድምፁን እንዴት ከፍ እንደሚያደርገው ታሳይ። አደራ፣ ከዚህ ተነሥተው «ጃፓንና ኢትዮጵያ ጥንት ዘመድ ነበሩ» የሚሉትን አትከተላቸው።

«የታብላ 16 ምት ስቆጥር መሃል ላይ ሁልጊዜ እጠፋለሁ። ምን ይሻለኛል?»
*ተማሪ፣ ሐዋሳ*

በጭንቅላትህ አትቁጠር፣ በእጅህ ቁጠር። በታብላ፣ በሰሜን ሕንዱ ጥንድ ከበሮ፣ የምታዳምጠው ቲንታል የሚባለው ይመስለኛል፣ አራት አራት ሆኖ የተከፈለ 16 ምት ነው። 1፣ 5 እና 13 ላይ አጨብጭብ። 9 ላይ አታጨብጭብ፤ መዳፍህን ወደ ላይ ገልብጠህ አየሩን ብቻ ጥረግ። ያ ባዶው ቦታ ካሊ ይባላል። ቃላቱን ደግሞ በአፍህ በል፦

ዳ ዲን ዲን ዳ፣ ዳ ዲን ዲን ዳ፣
ዳ ቲን ቲን ታ፣ ታ ዲን ዲን ዳ።

«ዲን» ወደ «ቲን»፣ «ዳ» ወደ «ታ» ሲለወጥ ልብ በል። የግራው ከበሮ፣ ያ ጎርናናው፣ ዝም አለ ማለት ነው። ከ10ኛው እስከ 13ኛው ምት ዝም ይልና 14ኛው ላይ ይመለሳል። መሃል ላይ ስትጠፋ ጎርናናው የተመለሰበትን ፈልግ፤ ሦስት ምት ቆጥረህ 1 ላይ ታርፋለህ። ይህ ማረፊያ ሳም ይባላል። የሕንድ አድማጭ ጭንቅላቱን ነቅነቅ ሲያደርግ ካየህ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ታክሲ ውስጥ ጉልበትህ ላይ ተለማመደው። ሰው ቢያይህ ግድ የለም።

«መምህራችን ‹የቻይናን ጉቺን በኖታ ጻፍ› አለን። አልሆነልኝም። ድጓ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የራሳቸው ጽሕፈት የለም እንዴ?»
*ዲያቆን፣ ፍራንክፈርት*

አለ እንጂ። እንዲያውም ካንተ የተሻለ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም። ጉቺን ሰባት ክር አለው፣ በገጹ ላይ 13 ምልክቶች ተደርድረዋል። ጽሕፈቱ የቻይና ፊደላትን ቁርጥራጭ አገጣጥሞ የትኛው ጣት፣ የትኛውን ክር፣ የትኛው ምልክት ጋ፣ እንዴት እንደሚነካ ይናገራል። የድምፁን ስም አይጽፍም። ርዝመቱንም አይጽፍም። እ.ኤ.አ. በ1425 የታተመ ትልቅ ስብስብ ዛሬም አለ፤ ተጫዋቹ ግን ምቱን ራሱ ፈልጎ ማውጣት አለበት። ይህ ሥራ ዳፑ የሚል ስም አለው፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች አስብ። አንዷ ፊደል ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሳለች፤ የምታስታውሰው ግን አስቀድሞ ከመሪጌታው አፍ ለሰማ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የቻይናው ለእጅ ነው የሚናገረው፣ የኛው ለትዝታ። ሁለቱም ግን «ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፣ መምህር ያስፈልጋል» ይላሉ። ኖታውን ጻፍ፣ መምህርህ ስላዘዘህ። ከሥሩ ግን ኖታው ምን እንደጣለ አንድ አንቀጽ ጨምር። ክሩ ላይ የሚንሸራተተውን ጣት፣ ድምፁ ሞቶም የሚሰማውን የእንጨቱን ፍትጊያ ጻፍ። እኔ ብታረም ነጥቡን የምሰጠው ለዚያ አንቀጽ ነው።

«‹መንፈስን የሚያድስ፣ ምሥጢራዊ› ብዬ ስጽፍ መምህሬ ይሰርዝብኛል። ታዲያ በምን ልግለጸው?»
*ተማሪ፣ ጎንደር*

መምህርሽ ልክ ናቸው። «ምሥጢራዊ» ያንቺን አለማወቅ ነው የሚገልጸው፣ ሙዚቃውን አይደለም። በግስ ጻፊ። ማን ምን ያደርጋል? የኮሪያን ፓንሶሪ ውሰጂ። አንድ ዘፋኝ ማራገቢያ ይዞ ቆሟል፣ አንድ ከበሮ መቺ ተቀምጧል፣ በቃ። ዘፋኙ ይተርካል፣ ይዘፍናል፣ ሙሉ ታሪኩ ሰዓታት ይፈጃል። ድምፁ ሻካራ ነው፣ የሚፈለገውም እንደዚያው ሆኖ ነው፤ ለስላሳ ድምፅ እዚያ አይመሰገንም። ከበሮ መቺውና አድማጩ መሃል ላይ «ኦልሲጉ!» እያሉ ያበረታታሉ። አዝማሪ ቤት ገብቶ «እሰይ!» ላለ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እስቲ እዩት፣ አንድም «ምሥጢራዊ» አላልኩም።

«ራግ ነው ራጋ? ታል ነው ታላ?»

ስለ ሰሜን ሕንድ ስትጽፉ ራግና ታል (የምት ዙር)፣ ስለ ደቡቡ ስትጽፉ ራጋና ታላ በሉ። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ጽኑ። ገጽ ሁለት ላይ ራግ፣ ገጽ አራት ላይ ራጋ ሆኖ ሳይ ደሜ ይፈላል።

«ዱባይ ስሠራ ቀኑን ሙሉ የሕንድ ፊልም ዘፈን እሰማለሁ። የሕንድ ክላሲክን አወቅሁ ማለት ነው?»

አይደለም፣ ግን በሩ ላይ ነሽ። የፊልም ዘፈን ከራግ ይዋሳል፣ ሕጉን ሁሉ ግን አይጠብቅም። የሰሜኑ ክላሲክ ብዙ ጊዜ ከበሮ በሌለው ዘገምተኛ መግቢያ፣ በአላፕ፣ ነው የሚጀምረው። ይልቅ የሥራ ባልደረቦችሽን «ልጅ ሆናችሁ ቤት ውስጥ ምን ይዘፈን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ የሚወጣው ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል።

«የሕንድ ቀረጻ ሳዳምጥ ከጀርባ እንደ ንብ የሚጮህ ነገር አለ። የቅጂ ችግር ነው?»
*ተማሪ፣ ቴል አቪቭ*

ታንፑራ ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ክር አለው፣ ዜማ አይጫወትም፣ ያለማቋረጥ መሠረቱን ድምፅ ይይዛል። ጩኸቱ የሚመጣው በክሩና በሰፊው ብርኩማ መካከል ከምትገባ ቀጭን የጥጥ ወይም የሐር ክር ነው። ተጫዋቹ ያቺን ክር በጥፍሩ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚጮህበትን ቦታ ይፈልጋል። ስትወጣ ድምፁ ይደርቃል።

የምታውቀው በገና ደርዳሪ ካለ ብርኩማውን አሳየኝ በላቸው። በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ታገኛለህ፣ ለዚሁ ሥራ የገባች። አንዷን አውጥተው አውታሩን አንድ ጊዜ፣ መልሰው አስገብተው ሌላ ጊዜ እንዲነኩልህ ጠይቅ። ከዚያ ወደ ታንፑራው ተመልሰህ አዳምጠው።